የጂኦሎጂ ተማሪ ክረምት፤ የመስክ ትምህርቱ፣ የልምምድ ቦታውና የምርምር ገንዘቡ ሲመዘኑ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ጂኦሎጂ ለሚያጠና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከክፍል ውጭ ሦስት ነገሮች ይቀርቡለታል፤ ከመምህራን ጋር የሚወጣበት የመስክ ትምህርት፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በኩባንያ የሚያሳልፈው የተግባር ልምምድ፣ እንዲሁም ለመመረቂያ ጥናቱ ወይም ወደ ውጭ አገር ለሚወስደው አጭር የምርምር ቆይታ የሚያገኘው ገንዘብ። ሦስቱም በጥቅሉ «ተግባር» ስለሚባሉ ተማሪውም ወላጁም እኩል አድርጎ ያያቸዋል። እኔ በተማሪነት ካለፍኩባቸው በኋላ ዛሬ ተለማማጆችን ተቀብሎ በሚያሠራ ሙያ ላይ ስላለሁ፣ የሦስቱ ጥቅም ምን ያህል እንደሚራራቅ ከሁለቱም ወገን ለማየት ችያለሁ። የምመዝናቸውም በአንድ ጥያቄ ነው፤ ተማሪው ሲጨርስ በገዛ እጁ የለካውና የሚያውቅ ሰው ያረመለት መረጃ ይዞ ይወጣል ወይ?

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ወቅቱ መናገር ይኖርብኛል። የጂኦሎጂ ተማሪን በረጅሙ ዕረፍት ወደ መስክና ወደ ሥራ የመላክ ልማድ የተለመደው ዕረፍቱ ከደረቁና ከሞቃቱ ወራት ጋር በሚገጥምባቸው አገሮች ነው። የአሜሪካ ተማሪዎች በሞንታና፣ በዋዮሚንግና በዩታ ተራሮች ላይ አምስትና ስድስት ሳምንት የሚቆዩበት የመስክ ካምፕ በሰኔና በሐምሌ የሚካሄደው፣ በረዶው ቀልጦ አለቱ የሚገለጠው በእነዚያ ወራት ስለሆነ ነው። የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ግን ደጋው በጉምና በጭቃ፣ ተዳፋቱ በሣርና በቁጥቋጦ የሚሸፈንበት፣ የአፋር ቆላ ደግሞ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚግልበት ጊዜ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን የገደለው የመሬት መንሸራተት የደረሰውም በዚሁ ወቅት ነበር። ስለሆነም ክረምቱ ለቤተ ሙከራ፣ ለኮር (ከመሬት ተቆፍሮ ለሚወጣ የአለት ናሙና) መጋዘንና ለኮምፒዩተር ሥራ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ደግሞ ለአለቱ ቢውል ይሻላል። ይህን ያላገናዘበ የልምምድ ዕቅድ ገና ሲነደፍ የጎደለ ነው፤ የሚያጋጥሙኝም አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው።

ከሦስቱ የመጀመሪያውን ቦታ ያለ ማመንታት የምሰጠው ለመስክ ትምህርቱ፣ በተለይም ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው የዓባይ ሸለቆ ላይ ለሚሰጠው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጎሃ ጽዮን የደረሰ ተማሪ፣ ከዚያ ወደ ወንዙ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በአንድ ቀን የሚያየውን የአለት ቅደም ተከተል በሌላ አገር ለማየት ብዙ መዞር ያስፈልገው ነበር። ከላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው፣ ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ የጠጠረው የደጋው ባሳልት አለ፤ ከሥሩ የላይኛው አሸዋ ድንጋይና ጭቃ ድንጋይ ይመጣል፤ ቀጥሎ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ፣ ከእርሱም በታች ጂፕሰምና ሼል (በስሱ የሚሰነጠቅ ጭቃ ድንጋይ) የሚፈራረቁበት፣ ስሙን ከከተማዋ የወሰደው የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን የተባለው የንብርብሮች ስብስብ፣ በመጨረሻም ወደ ወንዙ ሲቀርቡ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ። አውቶቡሱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ ተማሪው ከ30 ሚሊዮን ተነሥቶ ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደኋላ ይሄዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ያንኑ ታሪክ ከታች ወደ ላይ በድጋሚ ያነበዋል። ይህ ሁለተኛው ንባብ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጠዋት የተሳሳተውን ከሰዓት በኋላ በማዶው ግድግዳ ላይ ማረም ይችላልና።

እዚያ የሚሠራው ሥራ ከሩቅ ለሚያይ ተራ ይመስላል። ተማሪው መንገዱ ዳር በተቆረጠው ግድግዳ ፊት ቆሞ ከአለቱ በመዶሻ ትኩስ ስባሪ ያወጣል፣ በሌንስ ያየዋል፣ ከትንሽ ጠርሙስ አንድ ጠብታ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያደርግበታል። ኖራ ድንጋዩ ወዲያው ይፈላል፤ ዶሎማይቱ በቢላ ተፍቆ ዱቄት እስኪወጣው ድረስ ዝም ይላል፤ ጂፕሰሙ ጨርሶ አይፈላም፣ በጥፍር ግን ይጫራል። ነጭ የሆነውን ሁሉ «ኖራ ድንጋይ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ያን ዕለት ከዚያ ልማድ ይላቀቃል። ቀጥሎ የንብርብሩን ውፍረት በሜትር፣ የዘመመበትን አቅጣጫና የዝመቱን መጠን በኮምፓስ ይለካል፤ ባሳልቱ ላይ ሲደርስ ግን በአለቱ ውስጥ ያለው ማግኔታይት መርፌውን ስለሚስበው ኮምፓሱን ከአለቱ ገጽ አርቆ አቅጣጫውን በእይታ መስመር መውሰድ እንዳለበት ይማራል። አሸዋ ድንጋዩ ባሳልቱን በሚገናኝበት ሥፍራ የቀላውን አፈር መሰል ንብርብር ሲያይም፣ በሁለቱ መካከል በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት ምንም ሳይቀመጥ፣ የነበረውም እየተሸረሸረ እንዳለፈ ይረዳል። በመጽሐፍ «አንኮንፎርሚቲ» ተብሎ የተሸመደደው ነገር እዚያ ላይ እጅ የሚዳስሰው ይሆናል።

የዚህ ትምህርት እውነተኛ ዋጋ ግን ያለው ማታ ነው። ጥሩ መምህር እራት ከተበላ በኋላ በሆቴሉ አዳራሽ የተማሪውን ሁሉ የመስክ ማስታወሻ ሰብስቦ ገጽ በገጽ ያያል። «ቡናማ፣ ጠንካራ ድንጋይ» የሚል መግለጫ ሲያገኝ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዘውና ከጎኑ ጥያቄዎች ይጽፋል፤ ቡናማው የውጩ ነው ወይስ የትኩስ ስባሪው? የቅንጣቱ መጠን ስንት ነው? ከሥሩ ካለው ንብርብር ጋር የሚገናኘው በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ እየተለወጠ? ተማሪው በማግስቱ መልሱን ከአለቱ ይፈልጋል። ይህ የሚደረግበት የመስክ ጉዞ አጭርም ቢሆን ያስተምራል፤ የማይደረግበት ጉዞ ወር ቢፈጅም ሽርሽር ነው።

ጉድለቱም ብዙ ነው። ሙሉ አውቶቡስ ተማሪ በአንድ ግድግዳ ሥር ሲሰበሰብ መምህሩን የሚሰሙት ከፊት ያሉት ብቻ ናቸው፤ ከኋላ ያለው የጓደኛውን ቁጥር ይገለብጣል። ኮምፓስ በቡድን አንድ ሲሆን ከቡድኑ አንዱ ለክቶ ሌሎቹ ይጽፋሉ። ሪፖርቱ በጋራ ስለሚቀርብ የቀደሙ ባቾችን ሪፖርት ሽፋኑን ቀይሮ ማስገባት የታወቀ በሽታ ሆኗል፤ ይህን ለማስቀረት የአንዱን ንብርብር ውፍረትና መግለጫ ለእያንዳንዱ ተማሪ ለየብቻ አድሎ የሚያስለካ መምህር አውቃለሁ፣ ውጤቱም ልዩነት አለው። ሴት ተማሪዎች ቀኑን ሙሉ መጸዳጃ በሌለበት ሸለቆ ውስጥ የሚቸገሩትን ችግር በጉዞ ዕቅዱ ላይ ያየሁት እምብዛም ነው፤ ለዚህ ብቻ ሁለት ቦታ መቆም ምንም አያከብድም። መንገዱ ሼልና ጂፕሰም በሚፈራረቁበት፣ ከላይም የባሳልት ናዳ በተከመረበት ተዳፋት ላይ ስለሚያልፍ በክረምት ይንሸራተታል፤ ጸጥታው በማያስተማምንበት ዓመት ደግሞ ጉዞው እንዳለ ሊቀር ይችላል። በእንዲህ ያለው ዓመት በሙገር ሸለቆ የሚተካ ዲፓርትመንት ተማሪውን አልጎዳም፤ ያው የኖራ ድንጋይ፣ የጭቃ ድንጋይና የባሳልት ቅደም ተከተል በአብዛኛው እዚያም ይታያል። በኃይለኛ ፕሮጀክተር የፎቶግራፍ ትርኢት የሚተካው ግን ጎድቶታል።

ስለ ዋጋው ሲነሣ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይህ ጉዞ ለተማሪው ከኪሱ የሚያስወጣው ነገር ጥቂት ነው። የአሜሪካው ተማሪ ለተመሳሳይ የመስክ ካምፕ ብዙ ሺህ ዶላር ይከፍላል፤ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሶሳይቲ በጄ. ዴቪድ ሎዌል ስም ለካምፕ ክፍያ የሚውል ስኮላርሺፕ የሚሰጠውም ክፍያው ብዙዎችን ስለሚያስቀር ነው። እነርሱ ገንዘብ እየከፈሉ የሚሄዱበትን እኛ አውቶቡስ ቆሞ ይጠብቀናል፤ ይህን እያወቁ በጉዞው ቀን የሕመም ወረቀት የሚያመጡ ተማሪዎችን ግን አላውቅም ማለት አልችልም።

ከዓባይ ሌላ ያሉትን በአጭሩ ልለፋቸው። ቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የቆፈራቸው ሐይቆች ስላሏት ለአንድ ቀን ጉዞ ከአዲስ አበባ የተሻለ ቦታ የለም። የፈንታሌ ተራራና አካባቢው ስምጥ ሸለቆው በዓይን ሲሰነጠቅ የሚታይበት ነው፤ በቅርቡ ከደረሰው አንጻር ከዚህ በታች እመለስበታለሁ። በትግራይ ነጋሽ አጠገብ ያሉት በጣም ጥንታዊ የበረዶ ዘመን ንብርብሮች ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከበድ ይላሉ፤ ለአራተኛ ዓመት ጎበዝ ግን የዕድሜ ልክ ጥያቄ ሊሰጡት ይችላሉ።

የተግባር ልምምዱን በሁለተኛ ደረጃ አስቀምጬዋለሁ፤ ይህንንም ያደረግሁት ስለ ጥቂቶቹ ጥሩ ቦታዎች ስል ነው። የተለመደውን ሂደት ማንም ተማሪ ያውቀዋል፤ ከዲፓርትመንቱ የትብብር ደብዳቤ ይጻፋል፣ ተማሪው ደብዳቤውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፣ የተቀበለው መሥሪያ ቤት በመጨረሻ የግምገማ ቅጽ ሞልቶ በማኅተም ያሽጋል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት እኔን በዚህ መንገድ በሐምሌ ተቀብሎኝ ነበር። ቁፋሮው በዝናቡ ምክንያት ስለቆመ የመስክ ሠራተኞቹ ዕረፍት ወጥተው፣ መኪኖቹ ግቢ ውስጥ ቆመው፣ ሥራ ላይ የቀረው የፋይናንስ ክፍሉ ብቻ ነበር። የተሰጠኝ ወንበርና የቆዩ ሪፖርቶችን ፎቶ ኮፒ የማድረግ ኃላፊነት ነው፤ በግምገማው ቅጽ ላይ «በመስክ ሥራ ያሳየው ብቃት» በሚለው ሣጥን ውስጥ «በጣም ጥሩ» ተብሎ ተሞልቶልኝ ወጣሁ። ቅጹን የሞላው ሰው መጥፎ አልነበረም፤ ሥራ በሌለበት ወር ተማሪ የሚልክ አሠራር ሲገጥመው ሊያደርግ የሚችለውን አደረገ።

በተቃራኒው ክረምትም ሆነ በጋ የሚያስተምር የልምምድ ዓይነት አለ፤ ኮር ሎጊንግ። ከመሬት በታች ተቆፍሮ የወጣው ሲሊንደር መሰል የአለት ናሙና በረድፍ በተከፋፈለ ሳጥን ተደርድሮ መጋዘን ይገባል፤ በየመካከሉ ጥልቀቱ የተጻፈበት ትንሽ እንጨት ይቀመጣል። ተማሪው ሜትር ይዞ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብሎ በሁለት እንጨቶች መካከል ስንት ሜትር እንደተቆፈረና ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንደተገኘ ይለካል፤ ይህ ሪከቨሪው ነው። ከዚያ ርዝመታቸው 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑትን ጤነኛ ቁራጮች ብቻ ደምሮ ለጠቅላላው ቁፋሮ ርዝመት ያካፍላል፤ የአለቱን ጥራት በመቶኛ የሚነግረው አርኪውዲ የሚባለው ቁጥር ይህ ነው። የተሰበረው በመሬት ውስጥ እያለ ነው ወይስ ቆፋሪው ሲያወጣው? የስንጥቁ ገጽ ዝገት ወይም ካልሳይት አለበት ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች በየቁራጩ የሚመልስ ተማሪ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ማንም የማይነጥቀው ክህሎት ይዞ ይወጣል፤ በዝናብም ቢሆን ጣሪያ ሥር ስለሚሠራ ሥራው አይቋረጥም። የወርቅ ፍለጋ ኩባንያም ሆነ ለሕንጻ መሠረት አፈር የሚመረምር አማካሪ ድርጅት ይህን ሥራ ያሠራል፤ ሁለተኛው በከተማ ውስጥ ስለሆነ ለተማሪ ይቀላል።

ሌላው ተማሪዎች ዝቅ አድርገው የሚያዩት፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምመክረው የውሃ ጉድጓድ ሥራ ነው። ከጉድጓዱ የሚወጣውን ፍርፋሪ በየሁለት ሜትሩ እየሰበሰቡ መግለጽ፣ ጉድጓዱ ሲያልቅ ደግሞ ፓምፒንግ ቴስት ላይ መቀመጥ ትልቅ ትምህርት ነው። ፓምፑ ከተነሣ በኋላ የውሃው ወለል በመጀመሪያ በየደቂቃው፣ ቀጥሎ በየአምስቱና በየአሥሩ፣ ከዚያም በየሰዓቱ ይነበባል፤ ፓምፑ ሲቆም ውሃው የሚመለስበት ፍጥነትም እንዲሁ ይመዘገባል። ይህ ሌሊቱን ሙሉ ሊሄድ ስለሚችል ባለሙያው እንቅልፉን ለመተኛት የሚተማመንበት ሰው ይፈልጋል፤ ተማሪው ያ ሰው ሲሆን መዝገቡን እርሱ ይይዛል፣ ጠዋት ግራፉን ራሱ ይስላል። ከጂኦሎጂ ምሩቃን ብዙዎቹ ኋላ እንጀራቸውን የሚበሉት በማዕድን ሳይሆን በውሃ ነው፤ ይህን በልምምድ ዘመን ማወቅ ከብዙ ተስፋ መቁረጥ ያድናል።

ስለ ኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት የምለው በአብዛኛው ምስጋና ነው። ቀድሞ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ይባል የነበረው ይህ ተቋም ባለፉት አሥርት ዓመታት ያዘጋጃቸው የ1፡250,000 ካርታዎችና ከካርታዎቹ ጋር የሚሄዱት ማብራሪያ መጽሐፎች ለመመረቂያ ጥናት መነሻ የሚሆን ሌላ አቻ የላቸውም፤ በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመው የ1፡2,000,000 የአገሪቱ ካርታና በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛ ዕትሙም የማንኛውም ተማሪ የመጀመሪያ ማመሳከሪያ ናቸው። በክረምት ወደዚያ የሚሄድ ተለማማጅ መስክ ካልተወሰደ አይዘን፤ አንድ ካርታ ከማብራሪያው ጋር አንብቦ ጨርሶ ቢወጣ ወሩ አልባከነም።

ወደ ምርምር ገንዘቡ ስንመጣ፣ አገር ውስጥ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚሰጠው ነገር የትራንስፖርት ወጪን ቢሸፍን ነው። ችግሩ ግን በአብዛኛው ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ ተማሪው የሚመርጠው ርዕስ ገንዘብ የሚበላ መሆኑ ነው። ወደ ውጭ የሚላክ የኬሚካል ትንተና የሚጠይቅ ርዕስ የያዘ ተማሪ ናሙናውን ሰብስቦ ገንዘብ ሲጠብቅ ይመረቃል። በአንጻሩ በነጻ የሚገኝ መረጃ ሞልቷል፤ ሴንቲኔልና ላንድሳት የሚባሉት የሳተላይት ምስሎች፣ በ30 ሜትር ጥራት ያለው የኤስአርቲኤም የከፍታ መረጃ፣ የዓለም አቀፍ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገቦች፣ ኪውጂስ የተባለው ነጻ የካርታ ሶፍትዌር፤ የሚያስፈልገው ላፕቶፕና የተረጋጋ ኢንተርኔት ብቻ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥና ሲሰነጠቅ፣ ከመሬት በታች ቅልጥ አለት ሰርጎ መግባቱን ተመራማሪዎች የለዩት በዋናነት ሴንቲኔል 1 ከሚባለው ራዳር ሳተላይት በወሰዱት መረጃ ነው፤ ያው መረጃ በዚያው ቀን ለጅማም ለአርባ ምንጭም ተማሪ ክፍት ነበር። በአፋር የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ሲፈነዳም እንዲሁ። እንዲህ ያለው ሥራ በክረምት፣ ቤት ተቀምጦ፣ ያለ አበል የሚሠራ ነው፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ በስክሪን የታየውን ስንጥቅ በእግር ሄዶ ማረጋገጥ ይቻላል።

ከውጭ አገር የሙያ ማኅበራት ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚደርሰው ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም ይገኛል። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ጂኦሎጂስቶች ማኅበር ፋውንዴሽን ኤል. ኦስቲን ዊክስ በተባለው ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችና ለተማሪ ማኅበራት በ500 ዶላር መጠን ይሰጣል፤ የኢኮኖሚክ ጂኦሎጂስቶች ማኅበር ደግሞ ስቱዋርት ዋላስ ከተባለው ፈንዱ የተማሪ ቅርንጫፎችን የመስክ ጉዞ ይደግፋል። ሁለቱም የሚያሳዩት አንድ ነገር አለ፤ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተመዘገበ የተማሪ ቅርንጫፍ ከሌለ የሚገኘው ዕድል በግማሽ ይቀንሳል። ቅርንጫፍ ማቋቋም የሚጠይቀው አንድ ፈቃደኛ መምህር፣ ጥቂት አባላትና ሪፖርት በጊዜው መላክ ነው። የተቋቋሙትም ብዙ ጊዜ የሚሞቱት በሦስተኛው፣ በሪፖርቱ ነው።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ነገሩ ሌላ ነው። የአገሪቱ ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚደግፈው አርኢዩ በተባለው ፕሮግራም፣ አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሌላ ዩኒቨርሲቲ አሥር ሳምንት ገደማ ከተመራማሪ ጋር ይሠራል፤ ሳምንታዊ ክፍያ ያገኛል፣ በአብዛኛውም መኖሪያ ይሰጠዋል። ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ስለሆነ ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ይገባል፣ በተማሪ ቪዛ ከአዲስ አበባ የሄደው አይገባም፤ ይህን ሳያነብቡ ማመልከቻ ላይ ሳምንታት ያጠፉ አይቻለሁ። በጂኦፊዚክስ በኩል ለረጅም ጊዜ ስሙ የገነነው ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረው፣ አይሪስ የተባለው የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት ተቋማት ኅብረት ልምምድ ነው፤ ተማሪዎቹ በኒው ሜክሲኮ ሶኮሮ ከተማ ተሰብስበው ሴይስሞሜትር (የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ) መትከልና መረጃ ማንበብ ይማሩ ነበር። አይሪስ በ2023 እ.ኤ.አ. የምድርን ቅርጽና እንቅስቃሴ ከሚለካው ዩናቭኮ ከተባለ ማኅበር ጋር ተዋሕዶ ኧርዝስኮፕ ኮንሶርቲየም ሆኗል። በ2025 እ.ኤ.አ. በበጀት ምክንያት የሰረዙ የአርኢዩ ማዕከሎች ስላሉ በአንድ ቦታ ብቻ ማመልከት አይበጅም። ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝና ለአየርላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክፍት የሆነው ራይዝ የተባለው የጀርመን የምርምር ልምምድ ፕሮግራምም የምድር ሳይንስን ስለሚጨምር ከአማራጮቹ አንዱ ነው፤ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ግን በሩ ዝግ ነው።

በኢትዮጵያ ላለው ተማሪ ከሩቆቹ ሁሉ ሚዛን የሚደፋብኝ በሳዑዲ ዓረቢያ ቱዋል የሚገኘው የካውስት ዩኒቨርሲቲ የጎብኚ ተማሪዎች ፕሮግራም ነው። ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ነው፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይቆያል፣ ወርሃዊ 1,000 ዶላር ገደማ ከመኖሪያና ከአውሮፕላን ትኬት ጋር ይሰጣል። የምድር ሳይንስ ክፍሉ ቀይ ባሕርን ያጠናል፤ ቀይ ባሕር ደግሞ የአፋር ስንጥቅ ቀጣይ ስለሆነ የእኛ ተማሪ ባዶ እጁን አይሄድም፣ ከዚያኛው ወገን የሚታየውን ጥያቄ በዚህኛው ወገን አይቶታል። ከፍተኛ ነጥብ ይጠይቃል፤ 3.5 ከ4 የሚለው ለብዙ ጎበዝ የመስክ ተማሪ እንቅፋት ነው፣ በዓባይ ሸለቆ ከሁሉ የሚበልጠው ልጅ በካልኩለስ ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላልና። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ለውጭ ተማሪዎች የሚያዘጋጀው የስድስት ሳምንት ገደማ ቆይታም የምድርና የፕላኔት ሳይንስን ያካትታል፤ ፉክክሩ ግን የበረታ ነው፣ ጊዜውም አጭር ስለሆነ ሥራ ጀምሮ መጨረስ ያስቸግራል።

ከእነዚህ ለአብዛኞቹ ማመልከቻው የሚከፈተው እኛ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ፈተና በምንዘጋጅበት ጊዜ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ መምህር በጥር መጨረሻ ሲለመን የሚጽፈው «ታታሪና ሥነ ምግባር ያለው ተማሪ ነው» የሚለውን ነው፤ በጥቅምት ከተነገረውና የመስክ ማስታወሻውን ካየለት ግን ተማሪው የትኛውን ንብርብር በትክክል እንደለየ፣ በየትኛው ላይ ከመምህሩ ተከራክሮ እንደረታ ይጽፋል። ተማሪ ሲመርጡ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሳቸው ሰዎች ሌላ ብዙ አይጠይቁም።

ስለ ዕቃ ለሚጠይቁ፣ ብራንተን የተባለው የጂኦሎጂስቶች ኮምፓስ ውድ ስለሆነ ተማሪ በገዛ ገንዘቡ ባይገዛ ይሻላል፤ የዲፓርትመንቱን ማስፈረም ይበቃል። የስልክ ኮምፓስ ለመለማመጃ ያገለግላል፤ ስልኩ በብረት ወይም በማግኔት ሽፋን ውስጥ ካለ ግን ንባቡ ስለሚዛባ በብራንተን ሳይመሳከር ሪፖርት ላይ መግባት የለበትም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ማስታወሻና ውሃ የማያስገባ ጫማ የራስ ይሁኑ፤ በክረምት ኮር መጋዘን ለሚገባ ደግሞ ጫማው ይቅርና ጋቢ ይጨመር፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ብርድ ከሸለቆው ሙቀት አይተናነስም።